ሜዳን ማን ይሠራዋል?

ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፣ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ፣ በልጅነቱ ገና የተጫወተን ሰው ስለ ጨዋታው ብትጠይቁት ከጎበዙ መቺ በፊት የሚያነሣው ሜዳውን ነው። አንዱ ሜዳቸው በአንድ ወገን እንደሚያዘቀዝቅና ጥንጓ አንዴ ካመለጠች እንደማትያዝ ይነግራችኋል። ሌላው ከወገቡ ላይ ያለችውን ጉብታ፣ ከዳሩ ያለውን ረግረግ፣ ከሰዓት በኋላ ከገደሉ አፋፍ የሚነሣውን ነፋስ ያስታውሳል። ዕድሜው ገፍቶ፣ ዱላው ተሰብሮ፣ አብሮ አደጎቹ በየአገሩ ተበትነው እንኳ ያ ሜዳ ከነጉብታው ከነስርጓዱ ከዓይኑ አይጠፋም።

እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። የጎልፍ ተጫዋቾች ስለሚወዷቸው ሜዳዎች የሚያደርጉትን ክርክር ሳነብ እንግድነት ያልተሰማኝ ለዚህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የጎልፍ ክለብ ቢኖርም ጎልፍ ለኔ አገር፣ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ሩቅ ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ ገናም ጎልፍም ጫፉ በቆለመመ ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ በሣር ላይ የሚጫወቷቸው ናቸው። ሁለቱም ጅማሬያቸውን ከእረኛ ጋር ያያይዛሉ። የኛው የቤተልሔም እረኞች ጌታ መወለዱን በሰሙ ጊዜ በደስታ በበትራቸው ኳስ እንደ መቱ ሲተርክ፣ የነሱው ደግሞ የስኮትላንድ እረኞች በባሕር ዳር መስክ ላይ ጠጠር በበትር ሲመቱ እንደ ጀመሩት ያወራል።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሰው አንድን ሜዳ ከሌላው አብልጦ የሚወደው ለምንድን ነው? የተወደደውን ሜዳስ የሠራው ማን ነው? ለመልሱ የአንድን ሰው ሥራዎች ይዤ እነሣለሁ። የጎልፍ ወዳጆች «ከሥራዎቹ የትኛው ይበልጣል?» እያሉ የሚከራከሩበት የሜዳ ነዳፊው አሊስተር ማኬንዚ ነው። ከዚያ ወደ አገሬ ሜዳ እመለሳለሁ።

ከምሽግ የተማረው ሐኪም

ማኬንዚ እ.ኤ.አ. በ1870 በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ተወለደ። በካምብሪጅ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በደቡብ አፍሪካ የቦር ጦርነት ሲነሣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በሐኪምነት ዘመተ። ሕይወቱን የለወጠው ትምህርት ያገኘው እዚያ ነው። የቦር ገበሬዎች በቁጥር አንሰው ሳለ ታላቁን ጦር ያስጨነቁት ምሽጋቸውን ከመሬቱ ጋር ስላመሳሰሉት ነበር። የተቆፈረው አፈር እንደ ተፈጥሮ ጉብታ፣ ጉድጓዱ እንደ ጎርፍ ቦይ ይመስል ነበርና ወታደሩ ጠላቱ የት እንዳለ አያውቅም። ማኬንዚ ይህን አየና የሰው እጅ የነካው መሬት ያልተነካ እንዲመስል ማድረግ እንደሚቻል ተረዳ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይህንኑ ጥበብ ለወታደሮች አስተማረ። በሰላም ጊዜ ደግሞ ለጨዋታ ሜዳ አዋለው።

ለአንባቢ ያህል፣ ሙሉ የጎልፍ ሜዳ 18 ክፍሎች አሉት። አንዱ ክፍል ከመቶ ሜትር ጥቂት በልጦ ሊያበቃ ይችላል፤ ሌላው እስከ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ተጫዋቹ ከመነሻው ተነሥቶ፣ በተቻለው መጠን በጥቂት ምት፣ ኳሷን ሣሩ እጅግ አጥሮ በታጨደው መደብ ላይ ወዳለችው ቀዳዳ ያስገባል። በመንገዱ ላይ የአሸዋ ጉድጓድ፣ ወንዝ፣ ዛፍ፣ ገደል ይገጥመዋል። እነዚህን መሰናክሎች የት ማኖርና የት መተው እንደሚገባ የሚወስነው የሜዳው ነዳፊ ነው።

የማኬንዚ የመጀመሪያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1907 በሊድስ ከተማ አጠገብ የተከፈተው አልዉድሊ ነው። በ1914 «ካንትሪ ላይፍ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አንድ የሜዳ ክፍል ነድፎ የማቅረብ ውድድር ሲያወጣ አሸናፊው እርሱ ሆነ። በ1920 አሳቡን በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። 13 መርሖቹ ዛሬም የሚጠቀሱ ናቸው። ከነሱ መካከል እንዲህ የሚሉ ይገኙባቸዋል፦ ሁለት ክፍሎች አይመሳሰሉ፤ ሰው ሠራሹ ነገር ከተፈጥሮው እስከማይለይ ድረስ ይምሰል፤ ተጫዋቹ ኳሱን ሲፈልግ አይዋል፤ ብርቱው የሚዘልለው መሰናክል ካለ ደካማው ዞሮ የሚያልፍበት መንገድ ይኑር። የመጨረሻው መርሕ ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል። የጥሩ ሜዳ ፈተናው ጥቂት ጎበዞችን ማስደሰቱ ሳይሆን ብዙኃኑን ማስደሰቱ ነው ብሎ ያምን ነበር።

በዓይን የሚወደደው

የማኬንዚን ሜዳዎች በተመለከተ ወዳጆቹ በሦስት ይከፈላሉ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ በዓይናቸው የሚመርጡ ናቸው። የነዚህ ምርጫ በካሊፎርኒያ በሞንተሬ ልሳነ ምድር ላይ በ1928 የተከፈተው ሳይፕረስ ፖይንት ነው። ሜዳው ከጥድ ደን ይነሣል፣ የአሸዋ ክምሮችን ያቋርጣል፣ ከዚያ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ አፋፍ ይወጣል። 16ኛው ክፍል በዓለም ላይ ፎቶግራፍ እጅግ ከተነሣላቸው ክፍሎች አንዱ ነው። ተጫዋቹ በአለት አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ማዕበሉ ከታች እየተላተመ፣ ኳሷን 200 ሜትር ያህል በባሕር ላይ አሻግሮ ወደ ማዶው አለት መምታት ይጠበቅበታል።

የዚህ ክፍል ታሪክ ከውበቱ አያንስም። ከማኬንዚ በፊት ሥራው የተሰጠው ሴት ሬይነር ለተባለ ነዳፊ ነበር። ባሕሩን በአንድ ምት ማሻገር አይቻልም በሚል ቦታው ሊታለፍ ሲል፣ በ1921 የአሜሪካ ሴቶች ሻምፒዮን የነበረችው ማሪዮን ሆሊንስ ኳስ መሬት ላይ አኑራ መታች። ኳሷ ዛሬ መደቡ ባለበት ቦታ አረፈች። ሬይነር በ1926 ሞቶ ሥራው ወደ ማኬንዚ ሲዞር፣ ማኬንዚ ለዚያ ክፍል ምስጋናው ለእርሷ እንጂ ለእርሱ እንደማይገባ ጽፏል። ለደካማውም አላሰበም አይባልም፤ በግራ በኩል ባለው መሬት ኳሷን በአጭሩ አሳርፎ በሁለት ምት መድረስ ይቻላል።

በዓይን የሚመርጡት ሰዎች ብርቱ ክርክር አላቸው። ሰው ሜዳ ላይ የሚወጣው ለቁጥር ብቻ አይደለም፤ አየሩን ሊተነፍስ፣ አድማሱን ሊያይ ነው። በነሱ ላይ የሚቀርበውም ክርክር ብርቱ ነው። ባሕሩን የፈጠረው ማኬንዚ አይደለም፤ ሳይፕረስ ፖይንትም ጥቂት አባላት ያሉት የግል ክለብ ስለሆነ አብዛኛው ወዳጁ በፎቶግራፍ እንጂ በእግሩ አያውቀውም።

በአእምሮ የሚወደደው

ሁለተኞቹ የሚያስብ ሜዳን የሚወዱ ናቸው። የነሱ ዋቢ በአውስትራሊያ የሚገኘው የሮያል ሜልበርን ምዕራብ ሜዳ ነው። ማኬንዚ በ1926 መጨረሻ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ጥቂት ወራት ብቻ ቆየ፤ በዚያ አጭር ጊዜ ለብዙ ክለቦች ምክር ሰጠ። በሮያል ሜልበርን ንድፉን አስረክቦ ሲሄድ ሥራውን የፈጸሙት በ1924 የአውስትራሊያን ውድድር ያሸነፈው አሌክስ ራስልና የሜዳው ጠባቂ ሚክ ሞርኮም ናቸው። ሜዳው በ1931 ሲከፈት ማኬንዚ አላየውም፤ ከዚያም በኋላ ሳያየው ሞተ።

የሮያል ሜልበርን ምሥጢር ስፋቱ ነው። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ጀማሪው ኳሱን አያጣም። ነገር ግን ቀዳዳው ላይ በቀላሉ ለመድረስ የሚፈልግ ሰው ከአሸዋ ጉድጓዱ አጠገብ ለማሳረፍ መድፈር አለበት። ከአደጋ የራቀው ምት ቀላል ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ከባድ ይሆናል። ለአደጋ የቀረበው ምት ከባድ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ያቀልላል። ተጫዋቹ ሁልጊዜ አቅሙን እየመዘነ ይመርጣል። በአሜሪካ በሚሺጋን በሁለት ሐይቆች መካከል ባለ ነፋሻማ ኮረብታ ላይ የተሠራው ክሪስታል ዳውንስም ከዚሁ ወገን ነው። እዚያም ፔሪ ማክስዌል የተባለው ባልደረባው ቆይቶ ሥራውን ፈጸመ።

ብዙ ሰው በቴሌቪዥን የሚያውቀው የጆርጂያው ኦገስታም መነሻው ይኸው አሳብ ነው። ቦቢ ጆንስ የተባለው ታላቅ ተጫዋች በ1929 በፔብል ቢች ውድድር ሳይጠበቅ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ጊዜ ሲተርፈው በሳይፕረስ ፖይንት ተጫወተ፤ በዚያው ሰሞንም በፓሳቲዬምፖ ሜዳ ምረቃ ላይ ተገኘ። ባየው ነገር ልቡ ተማርኮ፣ ከውድድር ዓለም ሲሰናበት ለሕልሙ ሜዳ ማኬንዚን መረጠ። ቦታው ቀድሞ የፍራፍሬና የአበባ ችግኝ ይፈላበት ነበር፤ ዛሬም እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ተክል ስም ይጠራል። በ1933 ሲከፈት የነበሩት የአሸዋ ጉድጓዶች ከ30 አይበልጡም ነበር። ማኬንዚ የሚተማመነው በመሬቱ መውጫና መውረጃ ላይ ነበርና ብዙ መቆፈር አላስፈለገውም።

ስለ ኦገስታ ግን ሁለት ቅሬታዎች አሉ። አንደኛው ሜዳው ከዚያ ወዲህ በብዙ እጆች ስለተለወጠ የማኬንዚ ሥራ ነው ለማለት ያስቸግራል የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ በሩ ነው። ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1990፣ የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ብዙኃኑን ማስደሰት የጥሩ ሜዳ ፈተና ነው ብሎ ለጻፈ ሰው ይህ የሚያሳዝን ፍጻሜ ነው።

በበሩ የሚወደደው

ሦስተኞቹ የሚጠይቁት ስለ በሩ ነው፤ ማን ይገባበታል ይላሉ። እነዚህ የሚያነሡት በሳንታ ክሩዝ ያለውን ፓሳቲዬምፖን ነው። ይህን ሜዳ በ1929 የመሠረተችው ያችው ማሪዮን ሆሊንስ ናት። ታላቁ የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት ሀብቷን አሟጥጦ በኋላ ከእጇ ቢወጣም ሜዳው ዛሬም ከአባላቱ ሌላ ክፍያውን ለከፈለ እንግዳ በሩን ይከፍታል። ማኬንዚ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በዚህ ሜዳ በ6ኛው ክፍል ዳር በነበረው ቤቱ ነው። መሬቱ በሸለቆና በጎርፍ ቦይ የተቆራረጠ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሸለቆውን ሞልቶ ያስተካክለው ነበር፤ ማኬንዚ ግን ጨዋታው በሸለቆው ላይ እንዲሻገር አደረገ።

ከዚያ ያነሰ ስም ያለው፣ በኔ ግምት ግን ለመርሑ የበለጠ የቀረበው፣ በሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ በ1932 የተከፈተው ሻርፕ ፓርክ ነው። ንብረትነቱ የከተማው ሕዝብ ነው። ሠራተኛው፣ ጡረተኛው፣ ተማሪው ይጫወትበታል። በዚህ ሜዳ ላይ ረጅም ክርክር ተነሥቷል። በረግረጉ ውስጥ ሊጠፉ የተቃረቡ የእንቁራሪትና የእባብ ዝርያዎች ስለሚኖሩ ሜዳው ለነሱ ይተው የሚሉ አሉ፤ የድሀው ሰው ሜዳ አይነካ የሚሉም አሉ። መሬት ለአንድ ነገር ብቻ እንደማይፈለግ ከኛ የተሻለ የሚያውቅ የለምና ወደዚህ ክርክር በኋላ እመለሳለሁ።

በአየርላንድ በላሂንች የሚገኘው ሜዳም እዚህ ላይ ይነሣል። ማኬንዚ በ1927 አድሶታል። ሜዳው ውስጥ ፍየሎች ይሰማራሉ፤ የክለቡም ምልክት ፍየል ነው። ፍየሎቹ ወደ ክለቡ ቤት ከተጠጉ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ወደ ባሕሩ አሸዋ ከራቁ ቀኑ ብራ ነው ይባላል። እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ የራሱን መንደር ያየ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ተቃራኒውን ምሳሌ መዝለል አይገባም። ማኬንዚ መሬቱን ሁልጊዜ እንዳለ አልተወውም። በ1930 በቦነስ አይረስ ለጆኪ ክለብ የተሰጠው ቦታ እንደ ምጣድ የተስተካከለ ነበር። ጎርፉ የሚወርድባቸውን ቦዮች አስቆፈረ፣ ከቦዩ በወጣው አፈር ጉብታዎች አሠራ። ሲያልቅ ግን ከጥንት የነበሩ ይመስሉ ነበር። መሬቱ የሚጎድለውን ጨመረለት፤ ያልጎደለውን ግን የትም ቢሆን አልነካም።

ነዳፊ የሌለው ሜዳ

ይህን ሁሉ ሜዳ የሠራው ሰው ራሱ የሚሳለመው አንድ ሜዳ ነበረው። በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ፣ በኛ አጠራር በቅዱስ እንድርያስ ከተማ፣ የሚገኘው አሮጌው ሜዳ ነው። ማኬንዚ መሬቱን በጥንቃቄ ለክቶ በ1924 ያወጣው ካርታ ዛሬም በየክለቡ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ሜዳ ብዙ ተምሯል፤ የመጨረሻ መጽሐፉም የሚጠራው በዚያች ከተማ ስም ነው። ረቂቁ ለብዙ ዓመታት ጠፍቶ ቆይቶ የታተመው ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1995 ነው።

አሮጌውን ሜዳ በመጀመሪያ የነደፈው ሰው አይታወቅም። በባሕሩና በእርሻው መካከል ያለ፣ አሸዋ ስለሆነ ለማረስ የማይመች መስክ ነበር። ሣሩን የጋጡት በጎችና ጥንቸሎች ናቸው። ብዙዎቹ የአሸዋ ጉድጓዶች የተጀመሩት ከባሕር ነፋስ የሚጠለሉ በጎች እየተጋደሙ ባጎደጎዱት ቦታ እንደ ሆነ ይነገራል። የከተማው ሰው በዚያ መስክ ላይ የመጫወት መብቱ በ1552 በጽሑፍ ጸንቶለታል። ዛሬም እሑድ እሑድ እንደ ልማዱ ጨዋታ የለም። የከተማው ሰው ከልጁና ከውሻው ጋር ይንሸራሸርበታል።

እንግዲህ የሦስቱ ወገኖች ክርክር እዚህ ላይ የሚገናኝ ይመስለኛል። ዓይን የወደደው ሜዳ፣ አእምሮ የወደደው ሜዳ፣ በሩ የተወደደለት ሜዳ አንድ ሥር አላቸው። መሬቱ አስቀድሞ የሠራውን፣ ሰው መጥቶ አላፈረሰውም። ማኬንዚ ታላቅ የሆነው ምን ማስቀረት እንዳለበት ስላወቀ ነው። ጥሩ ሜዳ በዋነኝነት የሚሠራው በመተው ነው።

የኛ ሜዳ

አሁን ወደ ጋይንት ልመለስ። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚጠብቀው በዚህ አገር ታኅሣሥ ሲገባ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ይነጣል። አዝመራው ተሰብስቦ፣ አውድማው ላይ ውቂያው ተጀምሮ፣ ከብቱ እንደ ልቡ የሚሰማራበት ጊዜ ነው። ልጆች ከሳምንታት በፊት ጫካ ገብተው ጫፉ የቆለመመ የወይራ ወይም የክትክታ ዱላ ይመርጣሉ፤ እሳት አሳይተው ይቀጣሉ፤ ቅቤ ቀብተው ያወዛሉ። ጥንጓ ከጠንካራ እንጨት ትጠረባለች ወይም ከጠፍር ትጎነጎናለች። በልደት ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28፣ ቅዳሴ ተወጥቶ፣ ጾም ተፈትቶ፣ ፀሐይ ውርጩን ካሟሟ በኋላ አገሩ ወደ ሜዳው ይወርዳል። መንደር ከመንደር፣ ላይኛው ከታችኛው ሚና (ወገን) ለይቶ ይገጥማል።

ይህን ሜዳ በሦስቱ ሚዛኖች እንመዝነው። ለዓይን ማን ይወዳደረዋል? የአባይና የበሽሎ ገደሎች ከአፋፉ ሥር ተከፍተው፣ ማዶው ሰማያዊ ሆኖ እየታየ የሚጫወቱበት ሜዳ ከሳይፕረስ ፖይንት አፋፍ አያንስም። ለአእምሮም እንዲሁ ነው። መስኩ በገመድ አልተለካምና ወደ ታች የሚያጠቃው ወገን ፍጥነት አለው፤ ወደ ላይ የሚያጠቃው ግን ጥንጓ ወደ እርሱ ተመልሳ ስለምትንከባለል ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። ስሙ ነፋስ መውጫ በሆነ አገር ነፋሱም ተጫዋች ነው። ጥንጓን በአየር ላይ የሚልክ ኃይለኛ ይሳሳታል፤ በመሬት ለመሬት የሚያንከባልላት ልበኛ ይረታል። ረግረጉን ብርቱው ይዘልለዋል፤ ሌላው ዞሮ ይሄዳል። ማኬንዚ በ13 መርሖች የጻፈውን የኛ እረኛ በእግሩ ያውቀዋል።

በበሩ ከሆነማ ገና ተወዳዳሪ የለውም። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ የተመታ ጌታም አይቆጣም ይባላል። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ዱላ የያዘ ይገባል። ይህ የእኩልነት ልማድ ያለ ሜዳው ሊኖር አይችልም። ሜዳው የወል ስለሆነ ማንም ማንንም ውጣ አይለውም።

ዛሬ የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር በውድድር መልክ ያካሂዳል። ውድድር የተለካ ሜዳ፣ የተቆጠረ ተጫዋችና ዳኛ ይፈልጋል። ጨዋታው በከተማም እንዲኖር ያደረገ መልካም ሥራ ነውና አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን የተለካው ሜዳ ያልተለካውን ሊተካው አይገባም። የሜዳዎች ሁሉ መመሳሰል የጨዋታ ሞት መሆኑን የማኬንዚ ወዳጆች መቶ ዓመት ሙሉ ሲናገሩ ኖረዋል። የእስቴው ሜዳ የእስቴን፣ የስማዳው ሜዳ የስማዳን መልክ ይያዝ።

እንጀራና ሜዳ

የኛን ሜዳ ማን ሠራው? ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ ያላረሱት ሰዎች። ስማቸው አልተጻፈም። ሞፈራቸውን ይዘው ከዳሩ ደርሰው፣ ይህ የከብት ነው፣ ይህ የታቦት ማደሪያ ነው፣ ይህ የልጆች ነው ብለው የተመለሱ አባቶች ናቸው። በየዓመቱ እንዲህ ተመለሱ። ሮያል ሜልበርንን ማኬንዚ ነድፎት ሲሄድ የፈጸሙለት ራስልና ጠባቂው ሞርኮም ነበሩ። የኛዎቹ አባቶች ነዳፊም ጠባቂም ሆነው ኖረዋል።

በመተው የተሠራ ነገር ሲጠፋ ጩኸት የለውም። በአንድ ክረምት ከዳሩ አንድ ትልም ይገባል። በሚቀጥለው አንድ መደዳ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ማንም ሜዳ ላፍርስ ብሎ አይነሣም፤ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ልጆቹ ጥንግ የሚመቱበት ቦታ መንገድ ዳር ብቻ ይሆናል። ይህን የምለው ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅና በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ወዲህ የተወለደው ወጣት የሚታደለው መሬት አላገኘም። የተራበ ሰው ሣር ያለበትን መስክ ሲያይ ገብስና ድንች ቢታየው አይፈረድበትም። በሻርፕ ፓርክ የተከራከሩት በእንቁራሪትና በጨዋታ መካከል ነው፤ የኛ ክርክር በእንጀራና በሜዳ መካከል ነው፤ ይከብዳል።

ቢሆንም ሜዳውን ከእንጀራ ጋር ማነጻጸር ራሱ ሜዳውን ማሳነስ ነው። ሜዳው በገና ዕለት የጨዋታ ቦታ ነው፤ በቀሩት ቀኖች የበሬ ግጦሽ ነው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። በጥምቀት ታቦት ያልፍበታል፤ በሠርግ ፈረስ ይጋለብበታል፤ በለቅሶ ድንኳን ይተከልበታል፤ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዛፍ ከዳሩ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ትልም ውስጥ የሚዘራ ሰው የለም።

የጠፋ ሜዳ ሊመለስ እንደሚችልም አይተናል። አዲስ አበባ ውስጥ ጃን ሜዳ የጥምቀት ማደሪያ፣ የፈረስ መጋለቢያ፣ የገናና የሩጫ ቦታ ሆኖ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ የአትክልት ተራው ገበያ ወደዚያ ተዛወረ። ሕዝቡም ቀሳውስቱም ሜዳው ይመለስልን አሉ። ለ2013 ጥምቀት ገበያው ተነሥቶ፣ ቆሻሻው ተጠርጎ ታቦታቱ እንደ ጥንቱ አደሩበት። ጃን ሜዳ ስም ስላለው ጠበቃ አገኘ። በጋይንት ቀበሌዎች ያለው ሜዳ ግን ከቀበሌው ውጭ ስሙን የሚያውቅ የለምና ሲታረስ የሚጮኽለት አይገኝም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ የወል ይዞታን ያውቃል፤ በወልነቱም ሊመዘገብ ይችላል። እያንዳንዱ ቀበሌ ቢያንስ አንዱን የገና ሜዳ በስሙ፣ በወሰኑና በልማዱ በወል ይዞታ መዝገብ ላይ ያስፍር። የትምህርት ቤት ልጆች ከሽማግሌዎች ጋር ዞረው ጉብታውን፣ ረግረጉን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የድሮ ጨዋታ ወሬውን ይጻፉ፤ ካርታውን ይሳሉ። ማኬንዚ ለአሮጌው ሜዳ ያደረገው ይህንኑ ነበር። አዲስ ነገር ሳይጨምር ያለውን በጥንቃቄ ለክቶ ጻፈ፤ የጻፈውም ከመቶ ዓመት በኋላ ሜዳውን ለማያውቁት ያሳውቃል።

ማኬንዚ በሳንታ ክሩዝ ባለው ቤቱ የሞተው እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1934 ነው። ኦገስታ ላይ ከተስማማው ደመወዝ ሙሉውን ሳይቀበል፣ የመጀመሪያውንም ታላቅ ውድድር ሳያይ አረፈ። ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር ስመልሰው ታኅሣሥ 28 ቀን 1926 ሆኖ አገኘሁት። የገና ዋዜማ ነው። በዚያች ሌሊት በጋይንትና በስማዳ ጎጆዎች ዱላዎች ከምሰሶው ሥር ቆመው ይጠባበቁ ነበር። በማግስቱ ልጆቹ ወደ ሜዳው ሲወርዱ ሜዳው አለ፤ ባለፈው ዓመት ያላረሰው ሰው ዘንድሮም አላረሰውምና።

ለመጪው ገና ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሜዳውን ዙሩት። ወሰኑ የት ድረስ እንደ ነበረ ጠይቋቸው። የት ድረስ እንደሚሆን ደግሞ እናንተው ለልጆቹ ንገሯቸው።